ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚህ ዓምድ የዘወትር አንባቢ ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን የክፍሉ ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ በእሳቸው ቦታ እንድተካ ጠየቁኝ፤ እንዳስብበትም ጥቂት ቀናት ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም። ከምመራቸው ሰዎች አንዱ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ በዕድሜም አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቦታውን እሳቸው ሲጠብቁት እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሌላዋ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። ሥራው ደግሞ የገንዘብ ነው፤ ስህተቱ ቀልድ አይደለም። ባለቤቴ «እግዚአብሔር የከፈተውን በር መዝጋት ኃጢአት ነው» ይለኛል። እህቴ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ኋላ ጉድ ይፈላብሻል» ትላለች። ፍርሃቱን እንዲያነሣልኝ እጸልያለሁ፤ ምልክት እንዲያሳየኝም ለምኛለሁ። ፍርሃቱ አልሄደም፣ ምልክቱም አልመጣም። እምነቴ ባይጎድል ኖሮ እንዲህ እፈራ ነበር? ልቀበል ወይስ ልተው?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ ስለ ሥራው ነው። ሌላው ስለ እምነትሽ ነው። እንቅልፍ የነሣሽ ሁለተኛው ይመስለኛልና ከእሱ ልጀምር።

«እምነቴ ባይጎድል ኖሮ እንዲህ እፈራ ነበር?» ብለሻል። አዎ፣ ትፈሪ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አዲስ ኃላፊነት ከተሰጣቸው ሰዎች መካከል ያልፈራ ፈልጊ ብትባዪ ይቸግርሻል። ሙሴ «ሌላ ሰው ላክ» ብሎ እስከ መለመን ደርሷል። ኤርምያስ «ገና ልጅ ነኝ፣ መናገር አላውቅም» አለ። ሳኦል ለመንገሥ ዕጣ ሲወጣለት ጠፋ፤ ሲፈለግ በዕቃ መካከል ተደብቆ ተገኘ። ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት የሚበልጠው እሱ እኮ ነው! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሳልስቅ አላልፍም።

ለአንቺ የሚሆነው ግን የጌዴዎን ታሪክ ነው። መልአኩ ሲመጣ ጌዴዎን ምድያማውያንን ፈርቶ በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተሸሽጎ ስንዴ ይወቃ ነበር። «ኃያል ሰው» ተብሎ የተጠራው እዚያው እንደተደበቀ ነው። ከዚያ የአባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ ታዘዘ። አፈረሰው፤ ግን በሌሊት። የአባቱን ቤት ሰዎችና የከተማውን ሰዎች ስለፈራ መሆኑን መጽሐፉ አይደብቅም (መሣፍንት 6፥27)። ብቻውንም አልሄደም፤ አሥር ሰዎች ይዞ ነው የሄደው። እግዚአብሔር ታዲያ «በፍርሃት የተሠራ ሥራ አልቀበልም» አላለውም። መሠዊያው ፈርሷል፣ አለቀ።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ የበለጠ ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረችው ሌሊት ነች። ሠራዊቱ ከ32 ሺህ ወደ 300 ወርዷል። እግዚአብሔር ጌዴዎንን ወደ ጠላት ሰፈር ውረድ አለው። ወዲያው ደግሞ ጨመረለት፦ ብቻህን ለመውረድ ከፈራህ ሎሌህን ፉራን ይዘህ ውረድ (7፥10)። ጌዴዎን ምን አደረገ? «ኧረ እኔ አልፈራም» ብሎ አልፎከረም። ፉራን ይዞ ወረደ። እዚህ ቦታ ላይ ቁጣም ስብከትም የለም። ፍርሃቱ እንዳለ ታወቀ፣ አብሮት የሚወርድ ሰው ተሰጠው፣ ወረደ። አንቺ ፍርሃቱ እንዲነሣልሽ ትለምኛለሽ። እኔ ግን ፉራሽ ማን እንደሆነ ብትፈልጊ ይሻልሻል ባይ ነኝ።

አሁን አንድ ጥቅስ ይዞ የሚነሣብኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንም ይል የለም ወይ?» ይለኛል። ይላል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥7። ግን ማን ለማን እንደጻፈው አይረሳ። ጳውሎስ የጻፈው ለሚወደው ልጁ ነው፤ ሊያበረታው እንጂ ሊያሸማቅቀው አልነበረም። ያው ጳውሎስ ደግሞ ወደ ቆሮንቶስ ሲመጣ በድካም፣ በፍርሃትና በብዙ መንቀጥቀጥ እንደነበር በገዛ ብዕሩ ጽፏል (1ኛ ቆሮንቶስ 2፥3)። እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ሥራውንም ሠራ። ይህን ጥቅስ ፈሪ ሰው ለመምታት የሚጠቀሙበት ሰዎች ያናድዱኛል። የፈራን ሰው «ደግሞም እምነት የለህም» ማለት ሁለተኛ ፍርሃት መጨመር ነው። ከደብዳቤሽ እንደማየው አንቺ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሥራውን መፍራትሽ ሳያንስ መፍራትሽንም መፍራት ጀምረሻል።

ሙሴ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠውን መልስ አስታውሺ። «አንተማ በፈርዖን ቤት ያደግህ፣ ትልቅ ሰው ነህ» አልተባለም። ችሎታው አልተዘረዘረለትም። «ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ነው የተባለው። እሱ ስለራሱ ጠየቀ፤ መልሱ ግን አብሮት ስለሚሄደው መጣ። ስለዚህ ሌሊት ተገልብጠሽ «እችላለሁ ወይስ አልችልም?» እያልሽ ራስሽን ስትመዝኚ ብታድሪ መልስ አታገኚም። ጥያቄው ራሱ መልስ የለውም። ያልያዝሽውን ሥራ መቻልሽን ከአሁኑ ከየት ታውቂዋለሽ?

ስለ ምልክቱ ላውራ። የጌዴዎን የበግ ጠጉር ታሪክ ለብዙዎቻችን ትዝ ይለናል፤ ጤዛው በጠጉሩ ላይ ብቻ፣ በማግስቱ ደግሞ በምድሩ ላይ ብቻ። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን አንድ ነገር አለ። ጌዴዎን ምልክቱን የጠየቀው ምን እንደሚያደርግ ከተነገረው በኋላ ነው። «እንደተናገርህ» እያለ ነው የጠየቀው፤ ሁለተኛውን ሲጠይቅም «አትቆጣኝ» ብሎ ነው። ምልክት መጠየቅ ነውር ነው አልልም። ግን የተሰጠሽ ቀን ጥቂት ነው። እሱን ሰማይ ሰማይ እያየሽ አትጨርሺው። ሰለሞን ገና ወጣት ሳለ ነግሦ፣ መውጣትና መግባት የማላውቅ ትንሽ ልጅ ነኝ ብሎ ሲጸልይ የለመነው አስተዋይ ልብን ነው (መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ 3፥9)። ልመናውም እግዚአብሔርን ደስ አሰኘው። አስተዋይ ልብ ማለት ደግሞ አስበሽ፣ ጠይቀሽ፣ አመዛዝነሽ የምትወስኚበት ልብ ማለት ነው። የማሰቡን ሥራ ካንቺ የሚያነሣ አይደለም።

ባለቤትሽና እህትሽ ሁለቱም ስለሚወዱሽ ነው የሚናገሩት። የባለቤትሽ አባባል ግን ትንሽ ያሳስበኛል። የተከፈተ በር ሁሉ እግዚአብሔር የከፈተው አይደለም። ሳኦል ዳዊት ወደተደበቀበት ዋሻ ብቻውን ሲገባ የዳዊት ሰዎች «እግዚአብሔር የተናገረህ ቀን ይኸው» ብለውት ነበር። ሁኔታው ሁሉ ተመቻችቷል፣ ጥቅስም ተጠቅሶለታል። ዳዊት ግን እጁን አላነሣበትም። እንግዲህ «ዕድሉ ስለመጣ መቀበል ግድ ነው» የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እህትሽ ያለችው ደግሞ ምክር ሳይሆን ስጋት ነው። ስጋቷን ስሚላት፤ ውሳኔውን ግን አትስጫት።

ታዲያ ምን ላድርግ ትያለሽ። ነህምያን ተመልከቺ። የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረ ሰው ነው፤ የፈረሰ ቅጥር ሠርቶ አያውቅም። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ለወራት ጸለየ። ንጉሡ «ፊትህ ለምን አዘነ?» ሲለው እጅግ እንደፈራ ራሱ ጽፏል (ነህምያ 2፥2)። «ምን ትለምናለህ?» ሲባል በዚያችው ቅጽበት በልቡ ጸለየ፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ ተናገረ። የተናገረው ደግሞ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል አልነበረም። የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ተናገረ። በየአገሩ ላሉት ገዢዎች የይለፍ ደብዳቤ ጠየቀ። ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት ከንጉሡ ደን እንዲሰጠው፣ ደን ጠባቂውን በስም ጠርቶ ጠየቀ። ከደረሰም በኋላ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ዞሮ ቅጥሩን መረመረ። ለወራት የጸለየ ሰው ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። ጸሎቱ ዝርዝሩን አላስረሳውም፤ እንዲያውም ዝርዝሩን አስቦ የመጣው በጸሎቱ ወራት ይመስለኛል።

አንቺም ወደ ሥራ አስኪያጁ ስትመለሺ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። የሥራ መዘርዝሩ በጽሑፍ ይሰጠኝ በዪ። እስከ ምን ያህል ገንዘብ ድረስ በፊርማዬ ማጽደቅ እችላለሁ፣ ከዚያ በላይ ሲሆንስ ማን ይፈርማል? የቀድሞው ኃላፊ ከመሄዳቸው በፊት አብረን የምንሠራበት ጊዜ አለ ወይ? ርክክቡስ? አንቺ ሂሳብ ሠራተኛ ነሽና ይህን እኔ አልነግርሽም፤ ግን የፈራ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። ያልተወራረደ ሂሳብ ካለ ተዘርዝሮ፣ የባንክ ማስታረቂያው ተሠርቶ፣ ካዝና ካለ ተቆጥሮ፣ ሰነዱ ሁሉ ተፈርሞበት ተረከቢ። ከአንቺ በፊት የተፈጠረ ጉድለት በአንቺ ስም እንዳይጻፍ። «እግዚአብሔርን ካመንሽ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚልሽ ሰው ካለ ነህምያ ራሱ በደብዳቤ ነው የሄደው በዪው።

ስለ ገንዘቡ ስህተት የጻፍሽውን እጋራለሁ፤ መፍራትሽ ደግ ነው። ገንዘብ የማይፈራ ሂሳብ ሹም ያስፈራኛል። እዚህ ላይም የሚያግዝሽ ቦታ አለ። ጳውሎስ ለድሆች የተዋጣ ገንዘብ ሲያስልክ ብቻውን አልያዘውም። ከቲቶ ጋር ሌሎች ታማኝ ወንድሞችን ላከ፤ ምክንያቱንም ጻፈ፦ ስለዚህ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ሐዋርያ ሆኖ «እመኑኝ» አላለም። አንቺም ክፍያ ሲዘጋጅ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው የተለያየ ሰው መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አጥብቂ። ያን ጊዜ ስህተት ቢኖር አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል። ሌሊቱን ሁሉ በአንቺ ጭንቅላት ብቻ የሚጠበቅ ሂሳብ አይኖርም።

ዮቶርም ለሙሴ የነገረው ይህንኑ ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሲፈርድ አየውና «የምታደርገው መልካም አይደለም፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» አለው። በሺህ፣ በመቶ፣ በአምሳና በአሥር ላይ አለቆችን ሹም፤ ከባዱን ብቻ ወደ አንተ ያምጡ አለው። አማቱ ባይናገረው ሙሴ እስከ መቼ እንዲያ ይቀጥል እንደነበር እንጃ። አዲስ ኃላፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ብቃታቸውን ለማሳየት ሁሉንም በእጃቸው ይይዛሉ። የቀድሞ ሥራሽን ለሌላ ሰው ሳታስረክቢ አዲሱን አትደርቢበት፤ ይህንንም ከሥራ አስኪያጁ ጋር ከመቀበልሽ በፊት ጨርሺው።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ወደ አስተማሩሽ ሰው። ስለ ወጣትነት የሚጠቀስ የታወቀ ጥቅስ አለ፦ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» (1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥12)። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ያው ደብዳቤ በሚቀጥለው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ ሽማግሌን አትገሥጸው፣ እንደ አባት ለምነው ይላል። ሁለቱ አብረው ነው የተጻፉት። ኃላፊነትሽን አሳንሰሽ አትያዥ፤ እሳቸውንም አሳንሰሽ አትዪ። ታናሽነትሽ እንዳይናቅ የተሰጠሽ መንገድም መቆጣት አይደለም፤ በቃልሽና በኑሮሽ አርአያ መሆን ነው።

በተግባር እንዲህ ብታደርጊ ደስ ይለኛል። ሹመቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ጠርተው እንዲነግሯቸው ጠይቂ። ለምን እሳቸው እንዳልተመረጡ ማስረዳት ያለበት የመረጠው ሰው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። ከዚያ አንቺ ሄደሽ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። አጭር ይሁን። «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቦታውን እንደጠበቁት አውቃለሁ፣ ደስ እንደማይልዎትም ይገባኛል። እኔ ግን ያለ እርስዎ ምክር ልሠራው አልፈልግም» በያቸው። በቃ። ይቅርታ አትጠይቂ፤ ያጠፋሽው ነገር የለም። ፈቃድም አትጠይቂ፤ ባይፈቅዱልሽ ምን ልታደርጊ ነው? ደግሞ አደራሽን፣ «እግዚአብሔር ስለሰጠኝ ነው» የምትዪውን ለእሳቸው እንዳትናገሪ። አንቺ ለምስጋና ብለሽ ነው የምትዪው። እሳቸው ግን የሚሰሙት «ለእርስዎ ደግሞ ከልክሎዎታል» የሚለውን ነው።

ምናልባት ያኮርፉሽ ይሆናል። ይሁን። ያዘነ ሰው ሐዘኑን የሚጨርስበት ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ፊታቸው ሲጠቁር አንቺም አብረሽ አትጥቆሪ። በስብሰባ ላይ ሐሳባቸውን ጠይቂ፤ ጥሩ ሲሆን የእሳቸው መሆኑን ተናግረሽ ሥሪበት። ሥራ ሲያጓድሉ ግን በሰው ፊት ሳይሆን በር ዘግተሽ ንገሪያቸው። አዎ፣ ትነግሪያቸዋለሽ። እንደ አባት መለመን ማለት ዝም ማለት አይደለም። ማን ያውቃል፣ ፉራሽ እሳቸው ሆነው ይገኙ ይሆናል። አሁን ግን አትቁጠሪበት፤ ሸክምሽን የምትነግሪው ከቢሮው ውጪ የሆነ፣ ተመሳሳይ ሥራ የመራ ሰው ፈልጊ። የነፍስ አባትሽ ወይም መጋቢሽ ስለ ነፍስሽ ይምከሩሽ፤ ስለ በጀት መዝጊያ ግን የሚያውቅ ሰው ይሻላል።

ጓደኛሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ «ከአሁን በኋላ የማልነግርሽ ነገር ይኖራል» በያት። እውነተኛ ጓደኛ ከሆነች ይገባታል።

ጸሎትሽንም ትንሽ ለውጪው። «ፍርሃቱን አንሣልኝ» የሚለው ሰፊ ነው፤ መልስ ቢመጣም አታውቂውም። በደብዳቤሽ ላይ ሦስቱን ፍርሃቶችሽን ጽፈሽልኛል፦ የሽማግሌው፣ የጓደኛሽና የገንዘቡ። እነዚህኑ ለእሱም ለያይተሽ ንገሪው። ነገ እሳቸውን ሳነጋግር ምላሴን ጠብቅልኝ፤ ይህን ሰነድ ሳይ ዓይኔን ክፈትልኝ። ኢያሱ ሙሴን ሲተካ እግዚአብሔር «ጽና፣ አይዞህ» ያለው በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። የማይፈራ ሰው ሦስት ጊዜ አይዞህ አይባልም። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ ያንኑ ቃል ሕዝቡ መልሰው ይሉታል። እና በመካከል ኢያሱ ምን አደረገ? ለአለቆቹ ስለ ስንቅ ትእዛዝ ሰጠ፤ በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚሻገሩም ነገራቸው። ፍርሃቱ ይለቀው አይለቀው አልተጻፈም።

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ፣ ተቀበዪው ባይ ነኝ። ሥራውን ታውቂዋለሽ። የሚያስጨንቁሽ ነገሮች በሙሉ የጥሩ ሰው ጭንቀቶች ናቸው፤ ሰው ይከፋብኛል፣ ገንዘብ ይጎድልብኛል ነው የምትዪው እንጂ ክብር ይቀርብኛል አላልሽም። ግን «ተቀበዪ» የምለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ሥራ አስኪያጁ «መዘርዝሩ ይደርሳል፣ ርክክቡ ችግር የለውም፣ ዝም ብለሽ ጀምሪ» ካሉሽ አመስግነሽ ተመለሺ። ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያሰላል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው (ሉቃስ 14፥28)። እምቢ ብትዪም የረገመሽ የለም። ከጌዴዎን ሠራዊት የፈሩ ይመለሱ ሲባል 22 ሺህ ሰዎች ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ በዚያ ምዕራፍ አንድም የወቀሳ ቃል አልተጻፈባቸውም። ባለቤትሽ «ኃጢአት ነው» ሲልሽ ይህን አሳዪው።

እንግዲህ ጥያቄዎችሽን ዛሬ ማታ ጻፊና ነገ ጠዋት ቀጠሮ ያዢ። ሥራ አስኪያጁ ጥያቄ ስላበዛሽ ቅር ይላቸው እንደሆነ አትጨነቂ፤ ሂሳብ ክፍል የምትመራ ሴት ሳትጠይቅ ብትፈርም ነው መጨነቅ ያለባቸው።